ስድስት ኢንች ወይስ ሰባት ተኩል? ለዲር አደን ሽጉጥ ስመርጥ ያየሁት ጣጣ

ካቻምና መስከረም ላይ አገር ቤት ደውዬ ለአጎቴ "ጋሼ ዘንድሮ በሽጉጥ አደን ልወጣ ነው" ስላቸው ዝም አሉ፣ እኔ ደሞ ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለው፣ ቆይተው "በምን አልከኝ?" አሉ። በሽጉጥ። "ሽጉጥማ ልጄ የወገብ ጌጥ ነው፣ ለሰርግ ለሽምግልና ታጥቀኸው ትሄዳለህ እንጂ አውሬ ፊት ይዘኸው አትቆምም፣ ደሞ ጠመንጃ በሞላበት አገር ተቀምጠህ!" አሉኝ። አጎቴ ጎጃም ውስጥ በአባታቸው ውጅግራ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ለሳቸው አፈሙዙ ከክንድ ያጠረ ነገር መሳሪያ አይባልም። ያን ቀን የምመልሰው አልነበረኝም።

እዚህ ዲኤምቪ (ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውስጥ አደን የጀመሩ የማውቃቸው አበሾች አሉ፣ አብዛኛው በጠመንጃ ወይ ክሮስቦው በሚሉት ባለ ምላጭ ቀስት ነው፣ በሽጉጥ ነው የምወጣው ስል ግን ሁሉም አንድ አይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ፦ ምን አይነት ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት ማለት ነው)? አፈሙዙስ ስንት ኢንች? በየቡና ቤቱ አንድ ነገር አስር ጊዜ ከማወራ ልፃፈው ብዬ ነው። አፈሙዝ ስል ጫፉን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቱቦውን ነው፣ ያው በኛ ሰፈር እንደሚባለው።

ስለ እንስሳው ትንሽ ልበል። ዲርን አጋዘን እንለዋለን ግን የኛ አጋዘን ሌላ ነው፣ ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል፣ ዲር ደሞ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። መፅሐፉ ላይ ዋላ የተባለው ነው የሚቀርበው፣ ኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ጋር ስለቆጠረው አማቴም በዚ በኩል ሰላም ናቸው (በሌላ በኩል አይደሉም፣ እመጣበታለው)። እኔ ግን እዚህ ሁሉም እንደሚለው ዲር ነው የምለው።

ለምን በሽጉጥ? እውነቱን ለመናገር ስለምወደው ነው። ቁምነገሩም አለው፣ እኛ የምንሄድበት ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሎረል የሚባል ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ዳገቱን ሞልቶታል፣ ዲር ካየህ የምታየው ሰላሳ አርባ ሜትር ላይ ነው፣ እዛ ውስጥ ረጅም ጠመንጃ ይዘህ ስትታገል ቅርንጫፍ ይይዝሃል። ሽጉጥ ደረትህ ላይ ታስሮ ሁለቱም እጅህ ነፃ ነው፣ ዳገት ትወጣለህ፣ ሬሳ ትጎትታለህ። ለሜዳና ለሁለት መቶ ሜትር ከሆነማ አጎቴ ትክክል ናቸው፣ ጠመንጃ ግዙ።

ካሊበር ውስጥ ከመግባቴ በፊት ካላንደሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሽጉጤን በግማሽ የመረጠልኝ እሱ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሜሪላንድ ዋናው የጦር መሳሪያ የዲር ሲዝን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ (የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ) ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። አስሉት እስቲ፣ ያ ቅዳሜ ቀደመ ቢባል ኖቬምበር 24 ነው የሚውለው፣ ኖቬምበር 24 ደሞ ህዳር 15 ነው፣ የነቢያት ጾም መግቢያ! ማለትም ሜሪላንድ ሲዝኑን ስትከፍት እኛ ጾም ገብተናል። ቨርጂኒያ ግን ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው የምትከፍተው፣ ከጾሙ በፊት ሳምንት ምናምን ይተርፍሃል። ስለዚ አበሻ አዳኝ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ይሄዳል፣ ነዋሪ ስላልሆነ ለፍቃዱ ብቻ ከ100 ዶላር በላይ ይከፍላል፣ የዲሩን ፍቃድ ደሞ በላዩ ይጨምራል፣ ያጉረመርማል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ይሄዳል። ጾም ላይ ሆኖ ማደን አይከለከልም የሚል አለ፣ አይደረግም የሚልም አለ፣ እኔ ንስሐ አባቴን አልጠየቅኩም ምክንያቱም መልሳቸውን እፈራለው።

እና ሽጉጤ በሁለቱም ስቴት እንዲሰራልኝ ፈለግኩ። ጣጣው እዚጋ ነው የሚጀምረው። ቨርጂኒያ ለዲር ካሊበሩ ከ.23 እንዳያንስ፣ ጥይቱ ደሞ በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ አፈሙዝ ጋ ቢያንስ 350 ፉት ፓውንድ ጉልበት እንዲኖረው ነው የምትጠይቀው፣ ስለ አፈሙዝ ርዝመት አትጨነቅም። ሜሪላንድ ግን አፈሙዙ ከ6 ኢንች እንዳያንስ፣ ጉልበቱ ደሞ 700 ፉት ፓውንድ እንዲሆን ትፈልጋለች። እጥፍ! ኦሃዮ ያለው ጓደኛዬ ደሞ 5 ኢንች ነው የሚባለው፣ ካሊበሩ ከ.357 ጀምሮ ሆኖ ቀለሁ አንገት የሌለው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ህጎቹ ይቀያየራሉ፣ በየዓመቱ የሚወጣውን መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፣ "ጓደኛዬ ነግሮኝ ነው" ብትሉት የሚሰማችሁ ሬንጀር የለም።

እኔ ይሄን ሁሉ ያነበብኩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ያደረግኩት አንድ ሱቅ ገብቼ መስታወቱ ውስጥ ያለች ሩገር ሬድሃውክ የምትባል ፎርቲ ፎር (.44) ማግነም ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ አይቼ መውደድ ነበር፣ ያገለገለች፣ እንጨት እጀታ፣ የምታምር፣ አፈሙዟ 5.5 ኢንች። ሻጩን ለዲር ትሆናለች ወይ አልኩት፣ "ፐርፌክት ናት" አለኝ፣ ቀብድ ከፈልኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሳ የሜሪላንድን መመሪያ በስልኬ ከፈትኩ። ስድስት ኢንች። የኔዋ አምስት ተኩል። በግማሽ ኢንች! ተመልሼ ብገባ ቀብድ አይመለስም አለኝ፣ በሌላ ዕቃ ማካካስ ትችላለህ አለኝ፣ ሰውየው ለቨርጂኒያ ማለቱ ነበር ይሆናል፣ ለኔ ግን የመቶ ዶላር ትምህርት ነው። ከቨርጂኒያ ገዝቼ ላምጣ የምትሉም አትችሉም፣ ሽጉጥ በፌዴራል ህግ ከምትኖርበት ስቴት ውጪ ካለ ሱቅ ገዝተህ ይዘህ አትወጣም፣ ሜሪላንድ ደሞ ከ2013 ጀምሮ ኤች ኪው ኤል የሚሉት የሽጉጥ መግዣ ፍቃድ አለ፣ ኮርስ አለው፣ አሻራ አለው፣ ከዛም ሰባት ቀን ትጠብቃለህ። እኔ እንደውም ደስ አለኝ፣ ሰባቱን ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

እሺ ካሊበር። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው .357 ማግነምን ነው። ከ1935 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይራገጥም፣ ብዙ ሰው ቤቱ አለው። የተለመደው 158 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) ጥይት 535 ፉት ፓውንድ አካባቢ ነው የሚሰጠው። ቨርጂኒያ ላይ በደንብ ያልፋል፣ ሜሪላንድ ላይ ይወድቃል። ይገድላል ወይ? በቅርብ፣ በጎን በኩል፣ በጥሩ ጥይት፣ አዎ ይገድላል፣ የማውቀው ሰው አለ ከሃያ አምስት ሜትር በላይ አይተኩስም፣ ዲር ጠፍቶበትም አያውቅም። ዲሩ ትንሽ ዞሮ ከቆመ ግን ጥይቱ የትከሻ አጥንት ላይ ጉልበቱን ጨርሶ የማይወጣበት ጊዜ አለ፣ ካልወጣ ደሞ የደም ዱካ ይሳሳል፣ እዛ ሎረል ውስጥ የደም ዱካ የሌለው ዲር መፈለግ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ልጆቹ ደሞ ቴን ሚሊሜትር ይላሉ፣ ግሎክ ስለሆነ ማለት ነው። ግሎክ 40 የምትባለው ረጅሟ አፈሙዟ 6.02 ኢንች ነው፣ ልክ ለሜሪላንድ ተብላ የተሰራች ነው የምትመስለው፣ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛው ቴን ሚሊ ጥይት 700 ፉት ፓውንድ አይደርስም። ርዝመቱን አልፈህ በጉልበቱ ትወድቃለህ። ለቨርጂኒያ ግን ቆንጆ ነገር ናት፣ አልዋሽም።

እዚጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የአፈሙዝ ርዝመት ሲለካ አውቶማቲክ ሽጉጥ ላይ ጥይቱ የሚቀመጥበት ጎሬ ጭምር ይቆጠራል፣ ሪቮልቨር ላይ (ጥይቶቹ ሲሊንደር በሚባል የሚዞር በርሜል መሳይ ነገር ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ) ግን ከሲሊንደሩ ፊት ጀምሮ ወደ ጫፍ ነው፣ ጥይቱ ያለው ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሆነ እሱ አይቆጠርም። ስለዚ የግሎኳ ስድስት ኢንችና የሪቮልቨር ስድስት ኢንች አንድ አይደሉም፣ የሪቮልቨሩ ስድስት በተግባር ረዘም ያለ ነው። በተቃራኒው ሪቮልቨር በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መሃል ክፍተት አለው፣ ከዛ ጋዝ ያመልጣል፣ ያገኘውን ትንሽ ይመልሳል። ኢንች ከኢንች ስታወዳድሩ ይሄን እያሰባችሁ።

.41 ማግነም ከ1964 ጀምሮ ያለ ጎበዝ ጥይት ነው፣ 700ውን ያልፋል፣ ሱቅ ውስጥ ስትፈልገው ግን መደርደሪያው ባዶ ነው። .45 ኮልት በተለምዶው ጭነት (የባሩዱ መጠን ማለት ነው) ደካማ ነው፣ ጠንካራ ጭነት አለው ግን የሚችለው ጠንካራ ሽጉጥ ብቻ ነው፣ የአሮጌ ኮልት ቅጂ ውስጥ ከትታችሁ እጃችሁን እንዳታጡ። ከላይ ደሞ አውሬዎቹ አሉ፣ .454 ካሱል፣ .460፣ .500። በ2003 የወጣውን ፋይቭ ሃንድረድ አንድ ጎረቤቴ፣ ደግ ነጭ ሽማግሌ፣ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ ሞክር ብሎ አንድ ጥይት ብቻ አጉርሶ ሰጠኝ (አንድ ብቻ የሰጠኝ ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ፣ ለጀማሪ ሁለት ካጎረስክ በርግጫው ሳያስበው ሁለተኛውን ሊተኩሰው ይችላል)። ሽጉጡ ባለ 8 ኢንቹ ሁለት ኪሎ ይመዝናል፣ ሁለት ኪሎም ሆኖ እጄን ወደ ግንባሬ ነው የመለሰው። ዒላማው ላይ ምንም የለም። ሽማግሌው "ድቡ አመለጠ" ብሎ ሳቀ። ለዲር ይሄ ሁሉ ለምን? ሴት ዲር እኮ ሃምሳ ኪሎ ገደማ ናት፣ የኛ ሙክት እጥፍ ብትሆን ነው።

እና ፎርቲ ፎር ማግነም ላይ ቀረሁ። የ1955 ስራ ነው፣ ተራው 240 ግሬን የፋብሪካ ጥይት 741 ፉት ፓውንድ ተብሎ ነው የሚፃፍበት፣ የሜሪላንድን 700 ለትንሽ ያልፋል፣ ጠንከር ያለው ደሞ በደንብ። የመረጥኩት ግን ለጉልበቱ አይደለም። ፉት ፓውንድ የሚባለው ቁጥር ራሱ ብዙ ያታልላል፣ በቀስት የሚያድኑት እኮ ፍላፃቸው መቶ ፉት ፓውንድ አይሞላም፣ ዲሩ ግን ይወድቃል። የሚገድለው ቀዳዳው ያለበት ቦታና ጥልቀቱ ነው። እኔ የያዝኩበት ምክንያት ፎርቲ ፎር ማግነም ውስጥ ፎርቲ ፎር ስፔሻል የሚባለው ለስላሳ ጥይት ስለሚገባ ነው። መቶ ጥይት በስፔሻል ትለማመዳለህ፣ መጨረሻ ላይ አስር ማግነም። ከ.357 ጋርም እንደዛ ነው፣ ሰርቲ ኤይት ስፔሻል ይገባል። ስፔሻሉ አጭር ስለሆነ ጎሬው ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል፣ ሳታፀዳው ማግነም ብትከት ቀለሁ ይጣበቅብሃል፣ እሱን በጥርስ ብሩሽ ስፈትግ ያመሸሁበት ቀን አለ፣ የባለቤቴ ብሩሽ ነበር፣ ዝርዝሩ ይቅር።

አሁን ወደ አፈሙዙ። ሁሉም ሰው ረጅም አፈሙዝ የሚፈልገው ለፍጥነት ነው ብሎ ያስባል። ፍጥነት ይጨምራል አዎ፣ በግምት በአንድ ኢንች ከ25 እስከ 50 ጫማ በሰከንድ። ከ5.5 ወደ 7.5 ብትሄድ እንግዲህ መቶ ቢጨምር ነው፣ ሺ ሶስት መቶ ላይ። ዲሩ ልዩነቱን አያውቀውም። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፣ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መሃል ያለው ርቀት።

ይሄን ወረቀት ላይ ስሰራው ነው የገባኝ። አራት ኢንች አፈሙዝ ያለው ሪቮልቨር ሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መሃል 15 ሳንቲ ገደማ አለ፣ ሰባት ተኩል ኢንቹ 24 ሳንቲ ገደማ። 46 ሜትር ላይ፣ ማለት ሃምሳ ያርድ፣ ቆመህ የፊተኛዋ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከመስመር ብትወጣ፣ ግማሽ ሚሊ እኮ ነው የእርሳስ ነጥብ ታክላለች፣ አጭሩ ላይ ጥይትህ 15 ሳንቲ ይስታል፣ ረጅሙ ላይ 10 ሳንቲ እንኳን አይሞላም። የዲር ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሳንቲ ገደማ ነው፣ ከመሃሉ ወደ ጠርዙ አስር። ስለዚ በዛችው የእጅ መንቀጥቀጥ አንደኛው ዲር ይገድላል አንደኛው ሆዱን ወግቶ ይለቀዋል። ለኔ የሰባት ተኩል ኢንች ጉዳይ ያኔ ተዘጋ።

ግን ሬድ ዶት የሚባለውን ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ የምትጭኑ ከሆነ ይሄ ሁሉ ሂሳብ ይቀራል። ቀይዋ ነጥብ ያለችበት ነው የምትመታው፣ ሁለት ማነጣጠሪያ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም። ያን ጊዜ ስድስት ኢንች ይበቃል፣ ይቀላል፣ ከአፎት ቶሎ ይወጣል። ዓይኔ አርባን ካለፈ ጀምሮ የፊተኛዋ ማነጣጠሪያ እየደበዘዘች ስለሆነ እኔም ወደዛው መሄዴ አይቀርም። ዘጠኝ ተኩል ኢንች የሚገዙትን ግን አልገባኝም፣ ጫፉ ይከብዳል፣ ቁጥቋጦ ይጎትታል፣ መጨረሻ ላይ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚኖረው። አስራ አራት ኢንች ኮንቴንደር የሚባለው አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ደሞ ሽጉጥ ይባል እንጂ ሰደፍ የተቆረጠበት ጠመንጃ ነው፣ ከማረፊያ ላይ ሆኖ ለሚተኩስ ሰው ተአምር ይሰራል፣ ይዞ ለሚራመድ አይሆንም።

የገዛሁት መጨረሻ ላይ ሩገር ሱፐር ሬድሃውክ ነው፣ 7.5 ኢንች፣ ባዶውን አንድ ኪሎ ተኩል። አስቀያሚ ነው። ቤት ሳመጣው ባለቤቴ "ይሄ ደሞ መፍቻ ነው?" ነበር ያለችው፣ የቧንቧ ማለቷ ነው።

ከዛ የመጀመሪያው ሲዝን ውርደት መጣ። ሬንጅ ላይ በማግነም ስተኩስ ሁሉም ወደ ታች ወደ ግራ ይሄዳል። ማነጣጠሪያው ነው ብዬ ብሎን ሳዞር ሁለት ሳምንት። ያ ሽማግሌ ጎረቤቴ አይቶኝ አይቶኝ "ስጠኝ" አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ስድስቱ ጎሬ ውስጥ ሶስት ጥይትና ሶስት የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ቀላቅሎ ከቶ መለሰልኝ። ተኮስኩ፣ ጯ! ተኮስኩ፣ ጯ! ሶስተኛው ባዶ ነበር፣ ቀጭ ብቻ አለ፣ እኔ ግን ምንም ሳይፈነዳ ሽጉጡን ወደ መሬት ደፈቅኩት ዓይኔንም ጨፈንኩ። ሰው ሁሉ እያየ። ርግጫውን ፈርቼ ቀድሜ ነው የምገፋው። ከዛ በኋላ ሁለት ወር ስፔሻል ብቻ፣ ባዶ ቀለህ እየቀላቀልኩ፣ ጆሮዬ ላይ ሁለት ድርብ መከላከያ አድርጌ። የጆሮውን ነገር ቀልድ እንዳታደርጉት፣ ማግነም ሪቮልቨር ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮ የሚጎዳው ከ140 ጀምሮ ነው፣ ጫካም ውስጥ ቢሆን አንድ ጥይት ይበቃል። ድምፅ የሚያጎላና ፍንዳታ ሲመጣ የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መከላከያ አለ፣ ቅጠል ሲረገጥ ሳይቀር ያሰማሃል።

ያን ዓመት ሁለት ዲር ሳትኩ። አንዱን ሙሉ በሙሉ ከላይ፣ ሰማንያ ያርድ ላይ ነበር፣ መተኮስ አልነበረብኝም። ሁለተኛው ላይ ሽጉጡን ቦርሳዬ ላይ አሳርፌ ነበር፣ በዛ በሲሊንደሩ ክፍተት የሚያመልጠው ጋዝ ቦርሳዬን እንደ ምላጭ ሰንጥቆ አቃጠለው፣ ውስጥ ያለው ዳቦ ቆሎ ባሩድ ባሩድ ሸተተ። ቦርሳው ቦታ ጣቴ ቢሆንስ? ሪቮልቨር ስታሳርፉ እጃችሁን ነው የምታሳርፉት፣ ከሲሊንደሩ ጎን ምንም ነገር አይደርስም፣ ጣትም፣ ጃኬትም።

ከዛ በኋላ ለራሴ ያወጣሁት ህግ የወረቀት ሳህን ነው። ተራ የልደት ሳህን፣ ስፋቱ ከዲሩ ልብና ሳንባ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ጥይት ስድስቱንም ሳህኑ ላይ የማሳርፍበት ርቀት ነው የኔ ርቀት፣ ከዛ አንድ ሜትር አያልፍም። ቆሜ ሃያ አምስት ያርድ ነው፣ መሬት ቁጭ ብዬ በጉልበቴ ተደግፌ አርባ፣ በዱላ ማሳረፊያ ሃምሳ። ጥይቱ እኮ መቶም ይሄዳል፣ ሃምሳ ላይ ካስተካከልከው መቶ ላይ አስራ አምስት ሳንቲ ምናምን ይወርዳል፣ መግደልም ይችላል፣ ችግሩ እኔ ነኝ።

አምና ህዳር፣ የመክፈቻው ቅዳሜ፣ ጆርጅ ዋሺንግተን ናሽናል ፎረስት። ሶስት ሆነን ነው የሄድነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥተን፣ ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ሁላችንም ብርቱካንማ ጃኬትና ኮፍያ፣ ከሩቅ ላየን የመንገድ ሰራተኛ ነው የምንመስለው። እኔ የኦክ ፍሬ የረገፈበት አንድ ቁልቁለት ላይ ግንድ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ውርጭ ነበር፣ እስትንፋሴ ማነጣጠሪያው ላይ ጤዛ ይሰራ ነበር፣ በአፍንጫዬ ወደ ጎን መተንፈስ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ከሎረሉ ውስጥ አንድ ወንድ ወጣ፣ ትልቅ አይደለም፣ ቀንዱ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ። ፍሬ እየለቀመ፣ ቀና እያለ፣ እየለቀመ። ሃምሳ ያርድ ላይ በጎኑ ቆመ። መተኮስ እችል ነበር። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው፣ የፊተኛዋ ማነጣጠሪያ ከዲሩ ትከሻ እስከ ሆዱ ትመላለሳለች። ተውኩት። መጣ፣ መጣ፣ አርባ ገባ፣ ከዛም አልፎ አንድ ወፍራም ዛፍ ጀርባ ጭንቅላቱ ሲገባ መምቻውን በአውራ ጣቴ ሳብኩ፣ ያቺ ቀጭ የምትለው ድምፅ ያን ያህል ትልቅ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጭንቅላቱን አወጣና ወደኔ አየ። በስመ አብ አልኩ፣ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ አንድ ሶስተኛ ከፍ ብሎ፣ ምላጩን ጫንኩት።

ርግጫውን አላስታውሰውም። ዲሩ በኋላ እግሩ አየር ረግጦ ቁልቁል ሮጠ፣ ከዛ ፀጥ። ሰላሳ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ስልኬን እያየሁ፣ በህይወቴ እንደዛ ረዝሞብኝ የሚያውቅ ሰላሳ ደቂቃ የለም። ከዛ የቆመበት ቦታ ሄጄ ጎንበስ ስል ደረቅ ቅጠሉ ላይ ደም አለ፣ ቀላ ያለ ሳይሆን ሮዝ፣ አረፋ ያለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ ጥቃቅን። ሳንባ ነው። ስልሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ሎረል ስር ተኝቷል። ጥይቱ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ወጥቷል፣ ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ።

የቀረው ስራ ነው። ታጉን (ከፍቃዱ ጋር የሚመጣውን ወረቀት) ሞልቶ በስልክ ማስመዝገብ፣ ሆድ ዕቃ ማውጣት፣ መግፈፍ፣ ብልት ማውጣት። ሲ ደብሊው ዲ የሚባል የዲር በሽታ እዛ አካባቢ ስላለ አጥንቱን እዛው ትተን ስጋውን ብቻ ይዘን ነው ሜሪላንድ የገባነው፣ ናሙናም ሰጠን። ውጤቱ እስኪመጣ ስጋው ፍሪዘር ገባ፣ ጾሙም ገባ፣ ማንም ማንንም አልጠበቀም። አማቴ ግን በሚቀጥለው እሁድ መጥተው ፍሪዘሩን ከፍተው አዩና "ማን ነው የባረከው?" አሉ። በስመ አብ ብዬ ነው የተኮስኩት አልኳቸው። አሰቡት አሰቡትና "ቢላ ይሻል ነበር" ብለው ዘጉት። ገና ለት ግን ቋንጣ ፍርፍሩን ሁለቴ ነው ያስጨመሩት። ክትፎ እንስራው ያለ ጓደኛዬ ነበር፣ ለብለብም ቢሆን አይሆንም ብዬዋለው፣ የጫካ ስጋ ነው፣ በደንብ ይብሰል።

የገና ለት ለእንኳን አደረሰህ አጎቴ ደወሉ። ነገርኳቸው። ጌጥ ያሉት ነገር ዲር ጣለ አልኳቸው። "ጥይቱ ምን ያህል ውፍረት አለው?" አሉኝ። አስር ነጥብ ዘጠኝ ሚሊ። ዝም አሉ፣ አሁን ኔትወርክ እንዳልሆነ አውቄያለው። ያው ውጅግራ 11 ሚሊ ነው፣ የፈረንሳይ የ1874 ስራ፣ የአያቴ ጠመንጃ።

"ውጅግራ ነዋ!" አሉ። "ታዲያ ያኔ ለምን እንደዛ ብለህ አትነግረኝም? እኔ የከንቲባ ሽጉጥ መስሎኝ።" 

"አዎ ጋሼ፣ ውጅግራ በሉት።"

"ስንት ጥይት ፈጀብህ?"

"አንድ።"

"እሰይ" አሉ፣ ትንሽ ቆዩና "አፈሙዙ ግን አጥሯል።"